ሳታስመሰክሩ አትለፉ፦ 9ኛ ክፍል ለምትገቡ ወንድሞችና እኅቶች



በመጪው መስከረም 9ኛ ክፍል የምትገቡ በመካከላችን ብዙዎች ናችሁ። አንዳንዶቻችሁ ከወላጆቻችሁ ቤት ወጥታችሁ በነፋስ መውጫ፣ በአርብ ገበያ፣ በወገዳ ወይም በመካነ ኢየሱስ ቤት ተከራይታችሁ ልትማሩ ነው። ወላጆቻችሁ ስለ ስንቁና ስለ ቤት ኪራዩ ያስባሉ፤ እናንተ ደግሞ ስለ ደብተሩና ስለ ደንብ ልብሱ ታስባላችሁ። ይህ ሁሉ ተገቢ ነው። ነገር ግን ከስንቁም ከደብተሩም በፊት ሊታሰብበት የሚገባ አንድ ቁም ነገር ስላለ፥ ይህን ደረጃ ቀድመናችሁ ያለፍን የሰንበት ትምህርት ቤቱ አባላት ተመካክረን ይህን አጭር ትምህርት አዘጋጅተንላችኋል።

ልንነግራችሁ የፈለግነው በአጭሩ ይህ ነው። ተማሪ የሚወድቀው በ12ኛ ክፍል የፈተና ቀን አይደለም፤ ያላወቀውን ትምህርት እንዳወቀ ሆኖ ባለፈበት ቀን ነው። ያ ቀን ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚመጣው በ9ኛ ክፍል የመጀመሪያ ሳምንታት ውስጥ ነው። መድኃኒቱን ለመፈለግ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገንም። በአገራችን በጋይንት፥ በቤተ ልሔም አለ።

1. ቤተ ልሔም ምን ታስተምረናለች?

ሁላችሁም እንደምታውቁት ቤተ ልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ናት። ድጓ የቅዱስ ያሬድ ድርሰት ሲሆን፥ የዓመቱን በዓላትና ሰንበታት እየተከተለ ከመስከረም እስከ መስከረም የሚዘልቅ የዜማ መጽሐፍ ነው። ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ በሚባሉት ሦስት ዜማዎች ይዜማል። ከፊደሉ በላይ የሚጻፉትን ምልክቶች በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዝማች ጌራና አዝማች ራጉኤል እንዳዘጋጇቸው ሊቃውንቱ ይናገራሉ። ድጓን የሚያዜም ሰው ቃሉን ብቻ ቢያውቅ አይበቃውም፤ ድምፁ የት እንደሚወጣ፥ የት እንደሚወርድ፥ የት እንደሚረግጥ ምልክቱን ጠንቅቆ ማወቅ አለበት።

ድጓ በብዙ አገር ይማሩታል። የአጫብርና የቆማ የዜማ ስልትም አለ። ነገር ግን በቤተ ልሔም ስልት የተማረ ሰው «ተምሬአለሁ» ስላለ ብቻ መምህር አይሆንም። ወደ ቤተ ልሔም መጥቶ በመምህሩ ፊት ያስመሰክራል። በቀድሞው ልማድ ተማሪው የራሱን ድጓ በእጁ ጽፎ ያቀርባል፤ መምህሩም ፊደሉንም ምልክቱንም እያየ ያርመዋል። አንዲት ምልክት ብትሳሳት «ትንሽ ናት፥ ትለፍ» አይባልም። ምክንያቱም የዛሬው ተማሪ ነገ መምህር ሲሆን፥ የእርሱ አንድ ስሕተት በመቶ ደቀ መዛሙርት አፍ ትባዛለች።

ከማስመስከሩ በፊት ያለው የየዕለቱ ትምህርትም ይህንኑ ሥርዓት ይከተላል። መምህሩ ለተማሪው የሚችለውን ያህል ቀለም ይሰጡታል። ተማሪው ወደ ጎጆው ወይም ወደ ዛፍ ጥላ ሄዶ ይደጋግመዋል፤ ከእርሱ ቀድሞ ለተማረ ወንድሙም ያሰማዋል። ከዚያ ተመልሶ ለመምህሩ ይላል። ከያዘው ይጨመርለታል፤ ካልያዘው ግን ያንኑ ይዞ ይመለሳል። አንዱ በሦስት ዓመት የጨረሰውን ሌላው በሰባት ዓመት ቢጨርሰው የሚያፍርበት ነገር የለም። የሚያሳፍረው ሳይዙ ማለፍ ነው።

ቶማስ ፓክንሃም የተባለ የታሪክ ጸሐፊ በ1955 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ወደ ቤተ ልሔም መጥቶ ነበር። ቤተ ክርስቲያኑን ከውጭ ሲያየው እንደ ሌሎቹ ክብና በሣር የተከደነ መሰለው። ወደ ውስጥ ሲገባ ግን በጥንት ጠበብት እጅ ከድንጋይና ከእንጨት የተሠራ ባለ አራት ማዕዘን ሕንፃ አገኘ። በ1959 ባሳተመው መጽሐፍም ይህንን ለዓለም ነገረ። ለእኛም ምሳሌ ይሆነናል። የደንብ ልብሱና የሪፖርት ካርዱ የውጭ ክዳን ናቸው፤ ዋጋ ያለው ከክዳኑ በታች የቆመው ነው።

2. በ9ኛ ክፍል የሚጠብቀን ልዩነት

በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት «ቀለሙን ያዝክ ወይ?» ብሎ እያንዳንዱን ተማሪ በየቀኑ የሚጠይቅ የለም። ደወል ተደውሎ መምህሩ ይገባሉ፤ ደወል ተደውሎ ይወጣሉ። ምዕራፉ ያልፋል፤ ቀጣዩ ምዕራፍ ይጀመራል። ይህ የመምህሩ ጥፋት አይደለም። በአንድ ክፍል ብዙ ተማሪ አለ፤ በዓመቱ ማለቅ ያለበት መጽሐፍም አለ። ሆኖም የልዩነቱን ክብደት ልናውቀው ይገባል። በአብነት ትምህርት ቤት ያልያዘውን ተማሪ መምህሩ ያቆሙታል፤ በዘመናዊው ትምህርት ቤት ግን ተማሪው ራሱን ካላቆመ የሚያቆመው የለም።

የ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተናን ካለፋችሁ በኋላ እስከ 12ኛ ክፍል ድረስ ሌላ የውጭ መስካሪ አይመጣም። በ10ኛ ክፍል ይሰጥ የነበረው ብሔራዊ ፈተና ቀርቷል። ስለዚህ ተማሪው አራት ዓመት ሙሉ ከክፍል ወደ ክፍል እየተዛወረ ጉድለቱን ሳያውቀው ሊኖር ይችላል። ውጤቱንም በአገር ደረጃ አይተነዋል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያገኙት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. ከመቶ 3.2፥ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ከመቶ 5.4 ሆኑ። ይህን የምንጽፈው ልናስፈራራችሁ አይደለም። ከወደቁት መካከል ሰነፎች ብቻ አልነበሩም፤ መጽሐፍ ያጡ፥ መምህር ያላገኙ፥ ጦርነት ያፈናቀላቸው ብዙዎች ናቸው። ሆኖም ሁሉም ከ9ኛ ወደ 10ኛ፥ ከ10ኛ ወደ 11ኛ «ተዛውሯል» የሚል ካርድ ተቀብለው ነበር። መዛወርና ማስመስከር አንድ አይደሉም ማለታችን ስለዚህ ነው።

3. እንግዲህ ምን እናድርግ?

ሀ) በየማታው ለራሳችሁ አስመስክሩ። የዕለቱን ትምህርት አንድ ጊዜ አንብቡና ደብተሩን ዝጉት። ከዚያ በኋላ ለጓደኛችሁ ወይም ለግድግዳው እንደምታስተምሩ ሆናችሁ በቃል ተናገሩት። በመጀመሪያ በአማርኛ ይሁን፤ ቀጥሎ በእንግሊዝኛ ጻፉት። ሒሳብና ፊዚክስ ከሆነ መምህሩ የሠሩትን ምሳሌ ሸፍናችሁ ራሳችሁ ሥሩት። ብዙ ተማሪ ምሳሌውን ሲያነብ ስለ ገባው ብቻ የሚሠራው ይመስለዋል። ማንበብ ሌላ ነው፤ መሥራት ሌላ ነው።

ከዚያ በየርእሱ አጠገብ ምልክት አድርጉ፤ ለያዛችሁት አንድ፥ ለተጠራጠራችሁት ሁለት፥ ላልገባችሁ ሦስት ነጥብ። ሦስት ነጥብ ያለበት ርእስ ከሦስት ቀን በላይ አይደር። ወደ ጓደኛ፥ ከጓደኛም ወደ መምህሩ ውሰዱት።

ለ) ግሱን ቁጠሩ። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ከአማርኛ በቀር ትምህርቱ ሁሉ በእንግሊዝኛ ይሆናል። ብዙዎችን በመጀመሪያው ወር የሚያስደነግጠው ይህ ነው። የቅኔ ተማሪ እንዴት እንደሚያደርግ እንመልከት። ቅኔ ከመቁጠሩ በፊት ግስ ያጠናል፤ ግስ የሌለው ባለ ቅኔ እንጨት እንደሌለው አናጢ ነው። እናንተም እንዲሁ ለእያንዳንዱ ትምህርት ትንሽ የግስ ደብተር አዘጋጁ። በቀን አምስት ቃል ብቻ ከነትርጉሙና ከአንድ ዓረፍተ ነገር ጋር ጻፉ። በቅድሚያ የጥያቄ ግሶችን ያዙ፤ «ዲፋይን» ሲል ትርጉሙን ስጥ፥ «ኤክስፕሌይን» ሲል አብራራ፥ «ኮምፔር» ሲል አነጻጽር፥ «ካልኩሌት» ሲል አስላ ማለቱ ነው። መልሱን እያወቀ ጥያቄው ምን እንዳለው ሳያውቅ የሚወድቅ ተማሪ አለና።

ሐ) የኋላውን ቀዳዳ ድፈኑ። እስከ 8ኛ ክፍል አጠቃላይ ሳይንስ የነበረው አሁን ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ሆኖ ይከፈላል። ሒሳቡም ይጠልቃል። ነገር ግን ብዙ ጊዜ ተማሪውን የሚጥለው አዲሱ ትምህርት ሳይሆን አሮጌው ነው። ክፍልፋይ፣ ከዜሮ በታች ያሉ ቁጥሮች፣ መቶኛ፣ የማይታወቀውን ቁጥር መፈለግ፤ እነዚህ ካልጸኑ የ9ኛ ክፍል እኩልታ አይቆምም፤ እኩልታ ካልቆመም ፊዚክስና ኬሚስትሪ አይቆሙም። ስለዚህ በዚህ ክረምት የ7ኛና የ8ኛ ክፍል የሒሳብ መጻሕፍትን ከታናናሾቻችሁ ተውሳችሁ በየምዕራፉ መጨረሻ ያሉትን ጥያቄዎች ሥሩ። ወደ ኋላ መመለስ ውርደት አይደለም።

መ) ብቻችሁን አታጥኑ። በአብነት ትምህርት ቤት ታላቁ ተማሪ ታናሹን ያስተምራል፤ ታላቁም ሲያስተምር የራሱን ያጸናል። ሦስት ወይም አራት ሆናችሁ ተሰብሰቡ። ሕጉ አንድ ይሁን፤ እያንዳንዱ ሰው አንድ ርእስ ያስረዳል፥ ሌሎቹ ይጠይቁታል። አንድ ጎበዝ ሲናገር ሌላው የሚያዳምጥበት ጉባኤ ለጎበዙ ብቻ ይጠቅማል። የሰንበት ትምህርት ቤታችንም ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች 9ኛ ክፍሎችን እንዲረዱ ቢያደርግ መልካም ነው እንላለን።

ሠ) ለመጠየቅ አትፈሩ። የቅዱስ ያሬድን ታሪክ ከሕፃንነታችሁ ጀምሮ ሰምታችኋል። በአክሱም በአጎቱ በአባ ጌዴዎን ዘንድ ሲማር ትምህርቱ አልገባው አለ፤ ቢቀጡት ኮበለለ። በማይ ኪራሕ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ሳለ አንድ ትል ዛፉን ለመውጣት ስትሞክር፥ ስትወድቅ፥ ደግማ ስትሞክር በመጨረሻም ስትወጣ አየ። ሁላችን ስለ ትሏ ትዕግሥት እንናገራለን። ከዚያ በኋላ የሆነውን ግን ልብ አንለውም። ያሬድ ሌላ አገር ሄዶ ሌላ መምህር አልፈለገም። ወደዚያው ወደ ሸሸው መምህር ተመልሶ «አስተምሩኝ» አለ። ከዛፉ ሥር መነሣቱ ግማሹ ነው፤ ወደ መምህሩ ደጅ መመለሱ ሌላው ግማሽ ነው። በክፍል ውስጥ እጅ አንሥቶ «አልገባኝም» ማለት ከከበዳችሁ፥ ደወል ከተደወለ በኋላ ደብተራችሁን ይዛችሁ መምህሩን ተከተሉ። ጥያቄያችሁ «ሁሉም አልገባኝም» አይሁን፤ «እስከዚህ ደርሻለሁ፥ ከዚህ በኋላ አቃተኝ» በሉ። እንዲህ ብሎ የሚመጣን ተማሪ የሚያባርር መምህር ጥቂት ነው።

4. ስለ ኪራይ ቤት ኑሮ

ቀለም ብቻውን አያኖርም፤ ስለ ኑሮውም ጥቂት እንበል። የቆሎ ተማሪ ደበሎ ለብሶ፥ አኮፋዳ ይዞ፥ ከውሻ ጋር እየታገለ ለምኖ በልቶ ይማራል። እናንተ የእናት የአባት ስንቅ አላችሁ። ስለዚህ ያን ስንቅ በሥርዓት ያዙት። ከቤት ያመጣችሁትን እንጀራ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ብሉት፤ የማይደርስላችሁን ሳይሻግት አድርቁትና ድርቆሽ ይሁን። በሶውና ቆሎው ለሳምንቱ መጨረሻ ይቀመጥ። አብራችሁ የምትኖሩ ልጆች ውኃ የሚቀዳበትን፥ የሚበሰልበትንና የሚጠናበትን ሰዓት በወረቀት ጽፋችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉ። ያለዚያ ሥራው ሁሉ በአንዱ ትሑት ልጅ ትከሻ ላይ ይወድቃል፤ እርሱም በዓመቱ መጨረሻ ይወድቃል።

ስልክ ያላችሁ ተጠንቀቁ። ስልክ መዝገበ ቃላትና መምህር ሊሆን ይችላል፤ ሌሊቱን ሙሉ የሚበላ ምስጥም ሊሆን ይችላል። በጥናት ሰዓት የሁላችሁም ስልክ ተዘግቶ በአንድ ቦታ ይቀመጥ።

ወንድሞች ሆይ፥ ከእኅቶቻችሁ ጋር በአንድ ቤት የምትኖሩ ከሆነ እንጀራ መጋገሩ፥ ውኃ መቅዳቱና ልብስ ማጠቡ የእኅት ብቻ አይሁን። አንድ ደብተር ገዝታችሁ ለአንዷ ብትሰጡ ምጽዋት ነው፤ በየቀኑ አንድ የጥናት ሰዓት ብትሰጧት ግን ከደብተሩ ይበልጣል።

እኅቶች ሆይ፥ 9ኛ ክፍል ለብዙዎቻችሁ የጋብቻ ጥያቄ የሚመጣበት ጊዜ እንደ ሆነ እናውቃለን። በሕግ የጋብቻ ዕድሜ 18 ዓመት ነው። ይህን ለብቻችሁ ለወላጅ መንገር ከከበዳችሁ ለንስሐ አባታችሁ፥ ለሴት መምህራችሁ ወይም ለሰንበት ትምህርት ቤቱ ታላላቆች ንገሩ፤ ሽማግሌ ልከን ከወላጆቻችሁ ጋር እንነጋገራለን። «ሴት ልጅ የት ትደርሳለች?» ለሚል ሰው የእማሆይ ገላነሽን ስም ንገሩት። በጎጃም በጽላሎ ዓይነ ሥውር ሆነው ብዙ ወንዶችን ቅኔ ያስተማሩ ሴት ነበሩ።

5. ዘግይታችሁ ለምትገቡ

ከመካከላችሁ ዕድሜያችሁ ከፍ ብሎ 9ኛ ክፍል የምትገቡ አላችሁ። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ እስከ ጋይንት ደርሶ ነበር። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው በሚሊዮን የሚቈጠሩ ልጆች ከትምህርት ውጭ ሆነዋል። የጠፋው ዓመት የእናንተ ጥፋት አይደለም። «ከታናናሾቼ ጋር እንዴት እቀመጣለሁ?» የሚለው ሐሳብ ግን ሁለተኛ ዓመት እንዳያጠፋባችሁ ተጠንቀቁ።

በቤተ ልሔም ጢም ያወጣው ከብላቴናው ጋር አብሮ ተቀምጦ ይማራል፤ ማንም ዕድሜውን አይጠይቀውም፤ የሚጠየቀው ቀለሙን ነው። ዜማውን በአንድ አገር የጨረሰ ተማሪ ዝማሬ መዋሥዕት ለመማር ዙር አምባ፥ አቋቋም ለመማር ጎንደር ሲወርድ እንደገና ጀማሪ ይሆናል። ሐዲስ ዓለማየሁም በጎጃም የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ከተማሩ በኋላ አዲስ አበባ ገብተው ዘመናዊውን ትምህርት እንደ ጀማሪ ጀመሩ፤ በ1958 ዓ.ም. «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያበረከቱልን እርሳቸው ናቸው።

ትምህርት ቤታችሁ ገና ያልተከፈተ ካለም መጻሕፍቱን ፈልጉ፥ ሦስት ሆናችሁ ተሰብሰቡ፥ ከላይ በሀ እና በሐ የጻፍነውን ጀምሩ። የተዘጋው በር በተከፈተ ጊዜ ባዶ እጃችሁን አትገቡም።

6. አንድ ማሳሰቢያ

ይህን ሁሉ ስንል 9ኛ ክፍልን እንደ ድጓ በቃል ሸምድዱ ማለታችን አይደለም። ድጓ በቃል መያዝ ይገባዋል፤ ከአባቶች የተቀበልነው ዜማ ሳይለወጥ መተላለፍ አለበትና። ሒሳብና ሳይንስ ግን ምክንያቱን ማወቅ ይፈልጋሉ። ቀመሩን ሸምድዶ ከየት እንደ መጣ የማያውቅ ተማሪ፥ ጥያቄው ትንሽ ሲለወጥበት ይጠፋዋል። ስለዚህ ከቤተ ልሔም የምንወስደው ሽምደዳውን ሳይሆን ጥንቃቄውን ነው። ይኸውም ያልያዙትን አለማለፍ፥ በሌላ ሰው ፊት መታረም፥ ስሕተት ሲነገር አለመቀየም ነው።

ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን፥ ከአራት ዓመት በኋላ ዩኒቨርሲቲ ገብታችሁ የምትፈተኑበት ቀን ይመጣል። ያን ዕለት አዲስ ነገር አይፈጠርም፤ በየማታው ያስመሰከራችሁት ይገለጣል እንጂ። እግዚአብሔር አምላክ ማስተዋሉን ይስጣችሁ፤ መንገዳችሁን ሰላም ያድርግላችሁ።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. «መዛወር» እና «ማስመስከር» ምን ልዩነት አላቸው? ከ8ኛ ክፍል ትምህርታችሁ ያልያዛችሁትን አንድ ርእስ ለይታችሁ ተናገሩ።
2. ቅዱስ ያሬድ ወደ መምህሩ መመለሱ ከትዕግሥት ሌላ ምን ይጠይቀው ነበር?
3. በኪራይ ቤት አብረው ለሚኖሩ ሦስት ተማሪዎች የሳምንት የሥራና የጥናት ሰዓት አውጡ። የማን የጥናት ሰዓት አነሰ? ለምን?
4. ሰንበት ትምህርት ቤታችን ለ9ኛ ክፍል ገቢዎች በዚህ ክረምት ሊያደርገው የሚችለው አንድ ሥራ ምንድን ነው? ማን ይጀምረው?

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።